መጋቢት 29

1997 ዓ.ም. የገባው ቅዳሜ ቀን ነበር። አሰላ ላይ ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ ጭላሎ ጠዋት ጠዋት ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ያረፍድና ትከሻውን ብቻ ያሳየን ነበር። በእኛ ቤት ግን ያን ዓመት ዘመኑን የሚያውጅልን ሰው አልነበረም። ባሕረ ሐሳብ አዋቂው አያቴ ሐምሌ ላይ ዐርፈዋል። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ 5500ን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምረው፣ ለአራት አካፍለው፣ መጪው ዘመን የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ የሚነግሩን እርሳቸው ነበሩ። ያን ዓመት ስሌቱን እኔ ሠራሁት። 7497 ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ዘመነ ማቴዎስ። «አበጀህ» የሚለኝ ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ የቤቱ ዝምታ እንዳይከብደኝ ብላ ሳንቲም ሰጠችኝና ከጓደኞቼ ጋር ወደ ቪዲዮ ቤት ሄድኩ። ስንጠብቀው የከረምነው የፒተር ጃክሰን ፊልም፣ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል፣ «የንጉሡ መመለስ» መጥቶ ነበር። ለዓለም የታየው ታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ነው፤ የካቲት ላይ ዐሥራ አንድ ኦስካር ወስዷል፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ከአዲሱ ዓመት ጋር ነው። የቀደሙትን ሁለት ክፍሎች ያየነው በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ነበር።

ቀለበቱ እሳተ ገሞራው ውስጥ ሲቀልጥ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሰዉም ለመውጣት ተነሣ። ፊልሙ ግን አላለቀም። ተቀመጥን። አሁንም ያለቀ መስሎን ተነሣን፤ አሁንም ተቀመጥን። በመጨረሻ ቀለበቱን እስከ እሳቱ ድረስ የተሸከመው ፍሮዶ ባዳነው አገር መኖር አቅቶት፣ መርከብ ተሳፍሮ ላይመለስ ሄደ። ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ካሸነፈ በኋላ ለምን ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

ጥያቄው ለከተማችን እንግዳ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በአቴንስ ኦሊምፒክ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር አምስተኛ ወጥቶ፣ ወርቁን የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ ወስዷል። ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን በሩጫው መሐል ወደ ኋላ እየተገላመጡ ኃይሌን ሲጠብቁት ያየ ሁሉ፣ ደስታና ሐዘን አንድ ፊት ላይ እንዴት አብረው እንደሚቀመጡ ያውቃል።

ከዓመታት በኋላ የቶልኪንን መጽሐፍ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 በታተመው በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ ፊልሙ ያለፈው አንድ ነገር አለ፦ ቀለበቱ የጠፋበት ቀን ማርች 25 ነው፤ ከዚያ ወዲያም አዲስ ዓመት በዚያ ቀን እንዲጀምር ይወሰናል። ደራሲው የኦክስፎርድ ፕሮፌሰርና ጽኑ ካቶሊክ ስለነበር ቀኑን እንዲያው አልመረጠውም። ማርች 25 የብሥራት በዓል ነው፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. እስከ 1751 ድረስ ዓመቷን የምትጀምረው በዚሁ ቀን ነበር።

መጽሐፉን አጥፌ ጣቶቼን ቆጠርኩ። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 25 ማለት የእኛው መጋቢት 29 ነው! አያቴ ዓለም የተፈጠረው፣ ቃል ሥጋ የሆነው፣ ክርስቶስም ከሙታን የተነሣው በዚህ ቀን ነው ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። በአምስተኛው መቶ ዘመን መባቻ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስም ትስብእቱን ያኖረው በዚሁ ቀን፣ ምዕራባውያን ዛሬ 9 ዓ.ም. በሚሉት ዓመት ነው። ከእነርሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የምንቆጥረው ከዚህ ስሌት የተነሣ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ተረትና የአያቴ ስሌት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ኖረዋል። ሮጬ የምነግራቸው ግን በሕይወት አልነበሩም።

የዚያን ሰው ጥያቄ ለመመለስ የሞከርኩት ያን ጊዜ ነው። የእኛ አዲስ ዓመት ቅዱስ ዮሐንስ ተብሎ የሚጠራው በመንገድ ጠራጊው ስም ነው። ዮሐንስ የብሉይ መጨረሻ፣ የሐዲስ ዋዜማ ነው። መስከረም 1 ቀን በስሙ «እንኳን አደረሳችሁ» እንባባላለን፤ በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ አንገቱ የተቆረጠበት መታሰቢያ ነው። የጠረገው መንገድ ላይ ሌሎች ተራመዱበት። አባቶቻችን ይህን ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ሲያኖሩ፣ አዲስ ዘመን የሚገባው አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ከውጭ ሲቀር መሆኑን እያስታወሱን ይመስለኛል።

ዛሬም ጳጉሜን ሲገባ ልጆቹን ሰብስቤ 5500ን እደምራለሁ፤ ለአራት አካፍላለሁ። ወንጌላዊውን ከነገርኳቸው በኋላ፣ ስሌቱን ማን እንዳስተማረኝም እነግራቸዋለሁ።