በስፒንድል ውስጥ ያለችው ትንሽ ቁልፍ፦ የአንድ ልማድ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእሰ ጉዳይ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ብረት ናት። ብሪጅፖርት በሚባለው ሚሊንግ ማሽንና በእርሱ አምሳያ በተሠሩት ላይ፣ ከስፒንድሉ ጎን ገብታ ጫፏ በኮሌቱ ቦይ ውስጥ የምትቀመጥ ቁልፍ አለች። ለብዙ ዓመታት «መቁረጫውን የምታዞረው እርሷ ናት» እያልሁ አስተምሬአለሁ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ የስፒንድሉን ውስጥ በባትሪ መብራት እያየ፣ «መምህር፣ ቁልፏ እኮ ተቆርጣለች፤ ማሽኑ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ነበር» አለኝ። በዚያ ዕለት የምመልስለት አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከታሪክ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የጠመንጃ ሠሪዎች የሚፈልጉት ጠምዛዛ መሰርሰሪያ ቦዩ በእጅ፣ በሞረድ ይወጣ ነበር። የፕሮቪደንስ ከተማው ጆሴፍ ብራውን ይህን አድካሚ ሥራ የሚያስቀር ዩኒቨርሳል ሚሊንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1862 ለገበያ አቀረበ። የስቲቨን ሞርስ ስም የሚጠራበት ሾጣጣ መያዣም የዚያው አሥርት ዓመት ፍሬ ነው። የሞርስ ሾጣጣ በአንድ ጫማ ርዝመት የሚጠበው 5/8 ኢንች ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በጠርሙስ አፍ እንደተወተፈ ቡሽ በራሱ ሰበቃ ይያዛል። ችግሩ ግን ያው መልካምነቱ ነው፤ አንዴ ከገባ በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም።

ስለዚህ አሜሪካውያን የማሽን ሠሪዎች በ1920ዎቹ መጨረሻ ሌላ መንገድ መረጡ። በ24 አሃድ ርዝመት 7 አሃድ የሚጠብ ሰፊ ሾጣጣ አወጡ። ይህ በቀላሉ ይለቃል፤ በቀላሉ የሚለቅ ነገር ግን ብቻውን አይዝም። በመሆኑም ከኋላ የሚስበው ዘንግ ተደረገለት፤ በስፒንድሉ አፍ ላይም ሁለት ወፋፍራም ቁልፎች ተተከሉ። እነዚህ ቁልፎች በእርግጥ ሸክም ይሸከማሉ። ትልቅ መቁረጫ ብረቱን ጥርስ በጥርስ እየመታ ሲቆርጥ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ግፊት የሚችሉት እነርሱ ናቸው። እኔ ለተማሪዎቼ የነገርሁት ስሕተት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ የታላቁን ማሽን ሕግ ለታናሹ ሰጠሁት።

ከስዊድን የፈለሱት ሩዶልፍ ባኖውና ማግነስ ዋልስትሮም ብሪጅፖርትን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ አር 8 የተባለው የብሪጅፖርት ሾጣጣ ስፋቱ 16 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ነው፤ ከ7/24ቱ እምብዛም አይለይም። ነገር ግን በስፒንድሉ አፍ ላይ ቁልፍ የለውም። ያለችው አንዲት ቀጭን ጫፍ ናት፤ እርሷም የምትገኘው በሾጣጣው ላይ ሳይሆን ከበላዩ ባለው ቀጥተኛ ክፍል ነው።

እስቲ እናስላ። የመሳቢያው ዘንግ ኮሌቱን በ10,000 ኒውተን ቢስብ፣ የሰበቃው ልክም 0.15 ነው ብንል፣ ሾጣጣው ሳይንሸራተት የሚሸከመው የማዞር ኃይል 70 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ሞተር በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር የሚሰጠው 7 ብቻ ነው። በደቂቃ 80 ዙር በሚሆነው ዝቅተኛ ማርሽ ግን ወደ 90 ይጠጋል፤ እዚህ ላይ ሾጣጣው ሊንሸራተት ይችላል። በተንሸራተተ ጊዜ ግን ያች ቀጭን ጫፍ በድንገት ተመትታ ትቆረጣለች፤ ስብርባሪዋም በኮሌቱና በስፒንድሉ መካከል ተቀርቅሮ ማውጣቱን መከራ ያደርገዋል። ታዲያ ለምን ተሠራች? ዘንጉን ስናጠብቅ ኮሌቱ አብሮ እንዳይዞር ነው። የሁለተኛ እጅ ሥራ ትሠራለች እንጂ የሞተር ሥራ አትሠራም።

ቁልፏን ያወለቀ ባለሙያ ሲያጠብቅ ኮሌቱን በአንድ እጁ መያዝ አለበት፤ መቁረጫው ስለታም ነውና በወፍራም ጨርቅ ይያዝ። ሾጣጣው ላይ የቀረ ዘይትና ፍቅፋቂ ከቁልፏ መጥፋት ይበልጥ ይጎዳል።

ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም። መሣሪያ በራሱ በሚቀይር ማሽን ላይ ቁልፍ ሌላ ትርጉም አለው፤ መያዣው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንዲገባ ያደርጋል። ባለ አንድ ጥርስ የቀዳዳ ማስፊያ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የጨረሰውን ገጽ እንዳይቧጭር ማሽኑ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ ማወቅ አለበት። በጀርመን አገር በአኸን የተጀመረው ኤችኤስኬ የተባለው ባዶ ሾጣጣ ደግሞ በሁለት መንገድ ሄዷል። ኤ የተባለው ዓይነት የማዞሪያ ቦዮች አሉት፤ ኢ እና ኤፍ የተባሉት፣ ለከፍተኛ ፍጥነት የታሰቡት፣ አንድም የላቸውም። ምክንያቱም ከመሐል የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ምንም ያልነበረች ቦይ በደቂቃ 30,000 ዙር ላይ ስፒንድሉን ታንቀጠቅጣለች። እዚያ መቁረጫው የሚዞረው በሰበቃ ብቻ ነው፤ ልክ ቁልፏ ተቆርጣ ሳለ ሳምንቱን ሙሉ እንደሠራው እንደእኛ ማሽን።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።