የአንድ ግቢ ቆጣሪ፦ አዲስ አበባ ተከራይዋን ሳትቆጥር የኖረችበት ታሪክ

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚከራይ ሰው በኪራዩ ከተስማማ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ «ውሃና መብራትስ?» መልሱ ከሦስት አያልፍም። «ኪራዩ ውስጥ ነው»፣ «እንደ ሰው ብዛታችሁ ትካፈላላችሁ»፣ ወይም «የራሱ ቆጣሪ አለው»። ሦስተኛውን መልስ የሚያገኝ ተከራይ ዕድለኛ ነው። ዕድለኛ የሆነበት ምክንያት ግን ከአከራዩ ደግነት ወይም ክፋት ጋር ብዙም አይገናኝም። ነገሩ ከተማዋ ውሃን ለማን ስትቆጥር እንደኖረች የሚናገር ረጅም ታሪክ አለው።

ከተማዋን ወደ ሜዳው ያወረዳት ራሱ ውሃ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የፍልውሃውን አካባቢ መረጡ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ውሃ አውርዶ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። የመጀመሪያው ቧንቧ የመጀመሪያው ባለቤት ንጉሡ ነበር ማለት ነው። የቀረው ሕዝብ ከምንጭና ከቀበና ዓይነቱ ወንዝ በእንስራ ይቀዳ ነበር። ቧንቧ ከዚያ ወዲህ የሄደበት መንገድም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ፣ ከባለቤቱ ቀጥሎ ወደ ጥገኛው።

በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ ውሃ ለከተማዋ መድረስ ጀመረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ ተጨመረ። የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤትም የተቋቋመው በዚያው ዘመን፣ በ1963 ዓ.ም. ነው። ውሃው ከግድብ ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ በቧንቧ ተጉዞ ግቢ በር ላይ ሲደርስ አንድ ቆጣሪ ያገኛል። ያ ቆጣሪ የሚተከለው ቤቱ ወይም ይዞታው የእኔ ነው ብሎ ማስረጃ ለሚያቀርብ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደንበኛ እሱ ነው። ከሱ ጀርባ በጭቃ ቤቶች ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር የደንበኛ መዝገቡ አይጠይቅም።

ያኔ ደግሞ የከተማው መሬት በጥቂቶች እጅ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው። ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ክፍል በክፍል ላይ ይቀጥላል፤ ተከራዩ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ይጋራል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ባለቤትነቱ ይህን ያህል ሲገለበጥ አንድ ነገር ብቻ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ እሱም ግቢው ውስጥ ያለው ብቸኛ ቧንቧ ነው። ጌታው ሄደ፣ ቀበሌ ገባ፣ አምስቱም ስድስቱም ቤተሰብ በዚያው ቧንቧ ላይ ባልዲውን ይዞ መሰለፉን ቀጠለ። ቧንቧ የሌለው ግቢ ደግሞ ወደ ሰፈሩ ቦኖ ይሄዳል፤ ካልሆነም ቆጣሪ ካለው ጎረቤት በጀሪካን ይገዛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም ድሃ በርካሽ ያግኝ፣ ብዙ የሚጠቀም ሀብታም በውድ ይክፈል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ይሠራበት በነበረው ታሪፍ በወር የመጀመሪያዎቹ 7 ሜትር ኪዩብ እያንዳንዳቸው 1 ብር ከ75 ሳንቲም ነበሩ። ከዚያ በላይ እስከ 20 ያለው 3 ብር ከ15፣ ከ20 በላይ ያለው 3 ብር ከ80 ሳንቲም።

በወር 6 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። የራሱ ቆጣሪ ካለው 10 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከመጀመሪያው ደረጃ አይወጣም። አሁን እንዲህ ያሉ አምስት ቤተሰቦች አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቆጣሪ ይኑሩ። ድምሩ 30 ሜትር ኪዩብ ነው። የመጀመሪያው 7 12 ብር ከ25፣ ቀጣዩ 13 40 ብር ከ95፣ የመጨረሻው 10 38 ብር ይመጣል። በጠቅላላው 91 ብር ከ20 ሳንቲም። ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 18 ብር ከ24 ሳንቲም ይደርሰዋል። ውሃው ያው ነው፣ የቤተሰቡ አጠቃቀም ያው ነው፤ ክፍያው ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ። ለድሃው ተብሎ የተሠራ ደረጃ ድሃውን ራሱን የሀብታም ደረጃ ላይ ሰቀለው፤ ቆጣሪው አምስት ድሃ ቤተሰብን እንደ አንድ ውሃ አባካኝ ቪላ ስለሚያነብ።

ጀሪካን የሚገዛው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። አንድ ሜትር ኪዩብ ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 50 ጊዜ ይሞላል። በዝቅተኛው ታሪፍ የአንዱ ጀሪካን ዋጋ ሦስት ሳንቲም ተኩል ነው። ጎረቤት በ25 ሳንቲም ብቻ ቢሸጠው እንኳ ገዢው ከባለ ቆጣሪው ሰባት እጥፍ ከፈለ ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም። ሳንቲም በሳንቲም ላይ ሲሆን ማንም አይጮህም፣ በወሩ መጨረሻ ግን ኪሱ ባዶ ነው።

ታሪፉ ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል፣ ብሩም ያኔ የነበረው ብር አይደለም። አሠራሩ ግን ደረጃ በደረጃ እስከጨመረና ቆጣሪው የጋራ እስከሆነ ድረስ ስሌቱ ወደዚያው ያዘነብላል።

የዚህ ስሌት ጦስ ከብር አልፎ ወደ ኑሮ ይገባል። «እንግዳ አታብዙ»፣ «ልብስ በሳምንት አንዴ ብቻ»፣ «ልጅ ያለው አንቀበልም» የሚሉት የግቢ ሕጎች አንዱ ምንጫቸው ይኸው ቢል ነው። እንደ ሰው ብዛት ሲካፈሉ የሕፃኑ ዳይፐርና የአሮጊቷ ገላ ሳይቀር የግቢው ክርክር ይሆናል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ሮቶ ያለው ይሞላል፣ ሌለው ያያል፤ ቢሉ ሲመጣ ግን ሁሉም እኩል ነው።

አከራዩም የራሱ እውነት አለው። ቢሉ የሚመጣው በሱ ስም ነው። ተከራይ ሳይከፍል ዕቃውን ጭኖ ቢሄድ ዕዳው ከቤቱ ጋር ይቀራል፤ ውሃው ቢቆረጥ የሚቆረጠው የሱ ነው። ብዙ አከራይ ከሰርቪስ ክፍሎቹ የሚያገኘው ገቢ መተዳደሪያው ነው። ከፍ ባለው ደረጃ የሚመጣውን ቢል ብቻውን ይሸከም ቢባል በኪራይ ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ ነገሩን በአከራይና በተከራይ ጠብ ብቻ መተርጎም ዋናውን ጥፋተኛ ያስመልጣል፤ ጥፋቱ ከአቆጣጠሩ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለየቤቱ የተለየ ቆጣሪ ይዞ መጣ። ውሃ አራተኛ ፎቅ ላይ መድረሱ ሌላ ጣጣ ቢሆንም፣ ቢያንስ እያንዳንዱ ቤተሰብ የተጠቀመውን ያህል በየራሱ ደረጃ የሚከፍልበት መንገድ ተከፈተ። ቢሉ ዛሬም በባለቤቱ ስም መምጣቱ ባይቀርም ተከራዩ ቁጥሩን ማየት ይችላል። ይህ ግን የኮንዶሚኒየሙን ተከራይ ብቻ አተረፈ። የግቢው፣ የሰርቪስ ቤቱ፣ የቀበሌው ነዋሪ እዚያው ነው።

ለግቢው ተከራይ በር የከፈተው ከውሃው መሥሪያ ቤት ውጭ የመጣ ሕግ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አስገደደ። ውሉ የውሃ ቢል እንዴት እንደሚከፈል በግልጽ ለመጻፍ አጋጣሚ ነው፤ ተከራይም አከራይም ሊጠቀሙበት ይገባል። ሆኖም በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈረም ወረቀት ታሪፉን አይቀይረውም።

የምዝገባው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ከተማዋ ከአንድ ግቢ በር ጀርባ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር የምታውቅበት መዝገብ አገኘች። አምስት ውል የተመዘገበበት ግቢ ርካሹ ደረጃ በአምስት ቢባዛለት፣ ከላይ ባየነው ምሳሌ የመጀመሪያው ደረጃ ከ7 ወደ 35 ሜትር ኪዩብ ያድጋል፤ 30ውም በዚያ ውስጥ ይገባል። አዲስ ግድብ አይጠይቅም፣ አዲስ ቧንቧ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የኪራዩ መዝገብና የቆጣሪው መዝገብ እንዲነጋገሩ ብቻ ነው። ቆጣሪው ግቢውን ሲቆጥር ኖሯል፤ ከእንግዲህ ሰዉንም ይቁጠር።