በሩን ከውስጥ የቆለፈው ረዳት አብራሪ እና እኛ ያልጠየቅነው ጥያቄ

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከአሶሳ አዲስ አበባ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምት አድርጎ የሚወጣው አስፋልት ነው። ይህ መንገድ በመስከረም 2011 የካማሺ ዞን ኃላፊዎች ከስብሰባ ሲመለሱ በጥይት ከተገደሉ ወዲህ ሲዘጋና ሲከፈት፣ አንዳንዴም በመከላከያ እጀባ ብቻ ሲታለፍ ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው መንገድ ኪው 400 የምንላት ባለ ሁለት ፕሮፔለሯ አውሮፕላን ናት። ስለዚህ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስትቀመጡ የምታዩት ባለሀብትና ባለሥልጣን ብቻ አይደለም። በካርቶን ማንጎ ያሰረች እናት አለች፣ ለሪፈር የተላከ ታማሚ አለ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመለስ ተማሪ አለ። ብዙዎቹ የተሳፈሩት ትኬቱ ረክሶላቸው ሳይሆን መንገዱ ስላስፈራቸው ነው።

በቅርቡ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አብራሪዎቹ በአጠገባችን አለፉ። ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ምናልባት ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ። ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት «አላህ ያግዛቸው፣ ስንት ነፍስ ተሸክመዋል» አሉ። ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። የእኛን ነፍስ እነሱ ተሸክመዋል። የእነሱን ነፍስስ ማን ይሸከማል?

ይህን ጥያቄ ታሪክ አንድ ጊዜ በራችን ላይ መጥቶ አንኳኩቶብናል። ነገር ግን እኛ የከፈትነው ሌላ በር ነበር።

*የካቲት 10 ቀን 2006*

ዕለቱ ሰኞ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 702 ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከቦሌ ተነሳ። መድረሻው ሮም፣ ከዚያም ሚላኖ ነበር። ተሳፋሪዎቹና ሠራተኞቹ በድምሩ 202 ሰዎች ናቸው። ዋናው አብራሪ ለመጸዳዳት ወጣ ሲል የ31 ዓመቱ ረዳት አብራሪ ኃይለመድህን አበራ የኮክፒቱን በር ከውስጥ ቆለፈ። አውሮፕላኑ ሱዳን ሰማይ ላይ ሳለ 7500 የሚለውን የጠለፋ ኮድ ላከ። አብራሪው ራሱ፣ የሚያበረውን አውሮፕላን ራሱ መጥለፉን አስታወቀ ማለት ነው።

አውሮፕላኑ ሮምን አልፎ ሄደ። የጣሊያን፣ ቀጥሎም የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች አጀቡት። የስዊዘርላንድ ጄቶች ግን አልተነሱም፤ ምክንያቱም የዚያን ጊዜ የስዊዘርላንድ አየር ኃይል በቢሮ ሰዓት ብቻ ነበር የሚሠራው። ነዳጁ እየተመናመነ ከጄኔቭ ሰማይ በላይ ሲዞር ቆየና በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ በሰላም አረፈ። ረዳት አብራሪው በኮክፒቱ መስኮት በገመድ ወርዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፣ ጥገኝነትም ጠየቀ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፌስቡክ ላይ ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ ጀግና አደረገው፣ ግማሹ ከሃዲ። አንደኛው ወገን ድርጊቱን የፖለቲካ ተቃውሞ አድርጎ አነበበ፤ ሌላው አገር ማዋረድ አድርጎ አነበበ። ሰውየው ታሞ ይሆን ወይ የሚለው ሦስተኛ ንባብ በሁለቱ ጩኸት መሀል ተዋጠ። ቤተሰቡ ከሐዘን በኋላ መለወጡን በአደባባይ ቢናገሩም የሰማቸው ጥቂት ነው።

*ሁለት ፍርድ፣ አንድ ሰው*

በመጋቢት 2007 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኃይለመድህንን በሌለበት በ19 ዓመት ከ6 ወር እስራት ቀጣ። ስዊዘርላንድ ቀደም ብላ አሳልፋ አልሰጥም ብላ ነበር። በ2008 ደግሞ የስዊዘርላንድ የፍትሕ አካላት በባለሙያ ምርመራ ተመሥርተው ከሌላ ድምዳሜ ደረሱ። እንደ እነሱ ግኝት ሰውየው ድርጊቱን የፈጸመው በከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የሚያሳድዱኝ አሉ በሚል የጥርጣሬ ሕመም ውስጥ ሆኖ ስለነበር በወንጀል ሊጠየቅ አይችልም። መልሳቸው ከወህኒ ይልቅ ሕክምና ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 በአእምሮ ሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። ችግሩ የሕግ እጦት አልነበረም። በሌለበት የሚከሰስን ሰው ሐኪም ፊት ለፊት ተቀምጦ ሊመረምረው አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባ የፈረደችው ድርጊቱን አይታ ነው፤ ስዊዘርላንድ የፈረደችው ሰውየውንም አይታ ነው።

እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው የሚለውን አይደለም። ሁለቱም ፍርድ የሚጀምረው በሩ ከተቆለፈ በኋላ ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት ስላሉት ሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት አንድ ወጣት አብራሪ «አእምሮዬ ልክ አይደለም፣ ለጊዜው ከበረራ አውርዱኝ» ብሎ ቢናገር ምን ይጠብቀው ነበር? ፈቃዱስ? ደመወዙስ? ስሙስ?

*በሩ ከየት መጣ?*

የኮክፒት በር ሁልጊዜ እንዲህ የጠነከረ አልነበረም። የእኛ አገር ሰው ጠለፋን በደንብ ያውቃል። ኅዳር 14 ቀን 1989 የበረራ ቁጥር 961 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል። ካፒቴን ልዑል አባተ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ባሕሩ ላይ ባያሳርፈው የተረፉትም አይተርፉም ነበር። የዚያን ጊዜ ጠላት ከውጭ ወደ ኮክፒት የሚገባ ነበር።

እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር በዋለበት መስከረም 1 ቀን 1994 ኒውዮርክና ዋሽንግተን በተጠለፉ አውሮፕላኖች ተመቱ። ከዚያ በኋላ ዓለም የኮክፒቱን በር ጥይት የማይበሳውና ከውስጥ የሚቆለፍ አደረገው። ውሳኔው ተገቢ ነበር። ሆኖም በሩ ሲሠራ የታሰበው አደጋ ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣል ተብሎ ነው። አደጋው ከውስጥ ከሆነስ?

መልሱ ቶሎ መጣ። ኅዳር 20 ቀን 2006፣ ከእኛው ጠለፋ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ በፊት፣ የሞዛምቢክ አየር መንገድ ዋና አብራሪ ረዳቱ በወጣበት በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ናሚቢያ ውስጥ ከመሬት ጋር አጋጨው። 33 ሰው አለቀ። በእኛው ፍርድ ቤት ኃይለመድህን በተቀጣበት በዚያው በመጋቢት 2007 ደግሞ፣ በ15ኛው ቀን፣ የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ በፈረንሳይ አልፕስ ተራራ ላይ ያንኑ አደረገ። 150 ሰው ሞተ። ናሚቢያ፣ ጄኔቭ፣ አልፕስ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት በር። ከሦስቱ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወደ ቤታቸው የተመለሱት የእኛው ብቻ ናቸው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ምን ያህል ለጥቂት እንዳመለጥን ለማሳየት ነው።

*ፍርሃቱ ነው የሚገድለው*

የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ ጀርመንዊንግስ ያወጡት ሪፖርት የሚያስተምር ነው። ረዳት አብራሪው ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ለሥራ ብቁ አይደለህም የሚል የሕመም ፈቃድም ተጽፎለታል። ወረቀቱን ግን ለአሠሪው አልሰጠም። ለምን? መርማሪዎቹ የመብረር መብቱን የማጣት ፍርሃትን፣ ፈቃድ ሲጠፋ የሚመጣውን የገንዘብ ኪሳራ፣ እንዲሁም ሐኪሞች የታማሚን ምሥጢር መቼ ማውጣት እንዳለባቸው ግልጽ መመሪያ አለመኖሩን ጠቀሱ።

አስቡት። በየዓመቱ የሕክምና ምርመራ ያለፈ አብራሪ ነው። ዓይኑ፣ ልቡ፣ ጆሮው ታይቷል። አእምሮው ግን የሚታየው በአብዛኛው እሱ ራሱ በሚሰጠው መልስ ነው። እውነቱን ከተናገረ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። ከዋሸ ይበርራል። እንዲህ ያለ ሥርዓት እውነተኛውን ቀጥቶ ደባቂውን ይሸልማል።

ጃፓኖች ይህን ቀደም ብለው አይተውታል። በየካቲት 1974 የጃፓን አየር መንገድ ካፒቴን ቶኪዮ ሊያርፍ ሲል ሞተሮቹን ወደ ኋላ ገፍቶ አውሮፕላኑን ባሕር ውስጥ ጣለው፤ 24 ሰው ሞተ። ካፒቴኑ ከዚያ በፊት በሕመም ምክንያት ከበረራ ወርዶ ተመልሶ የገባ ሰው ነበር። በጥቅምት 2016 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተረኛ ያልነበረ አንድ አብራሪ በኮክፒቱ ተጨማሪ ወንበር ተቀምጦ ሲሄድ ሞተሮቹን ለማጥፋት ሞከረ፤ ባልደረቦቹ ያዙት። ለዓመታት በድብርት ሲሰቃይ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ሕክምና እንዳልፈለገ ከዚያ በኋላ ተናገረ። በሁለቱ አደጋዎች መሀል ከ40 ዓመት በላይ አለ። ፍርሃቱ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

እኛ ዘንድ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመራል። «ሆድ ይፍጀው» ብለን ያደግን ሕዝብ ነን። ጭንቀት ያለበትን ሰው «ጸልይ»፣ «ጠበል ግባ»፣ «ቁርኣን ይቀራልህ» እንላለን። እነዚህ መጽናኛዎች ናቸው፣ አልንቃቸውም። ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ሲነሳ «አማኑኤል ገባ» የሚለው አባባል ስድብ ሆኖ ይመጣል። የአገሪቱ አንጋፋ የአእምሮ ሆስፒታል ስም ለስድብ በሚውልበት አገር አብራሪ ይቅርና ገበሬም ታምሜያለሁ አይልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ሆነን፣ ባለ በሽታው የሚደበቅበትን ምክንያት በየቀኑ እንጨምርለታለን።

*ሰውን መውቀስ ይቀላል*

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «ይህን ማውራት የአየር መንገዳችንን ስም ማጥፋት ነው፣ ተሳፋሪንም ማስፈራራት ነው» ይባላል። አልስማማም። መጋቢት 1 ቀን 2011 የበረራ ቁጥር 302 ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ ገና ምርመራው ሳያልቅ ጣታቸውን በአብራሪዎቻችን ላይ የቀሰሩ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ሁላችንም ተቆጣን። «ሰውየውን ተዉት፣ ሥርዓቱን መርምሩ» አልን፤ ትክክልም ነበርን። ቦይንግ በ737 ማክስ ላይ የገጠመው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ነበር አፍንጫውን ወደ መሬት የደፋው። እንግዲህ ያንን መርሕ ለራሳችንም እንጠቀምበት። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ከካርቱም የመጣ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲደርስ አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ማረፊያውን አልፈው ሲሄዱ፣ አየር መንገዱ አብራሪዎቹን ለምርመራ ከሥራ አገደ። ማገዱ ግድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን «ለምን ደከማቸው?» መባል አለበት።

ደግሞም አይምሰላችሁ፣ ድብርት ወይም ጭንቀት ያለበት ሰው ሁሉ አደገኛ ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ታክሞ ይድናል፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። አደገኛው ያልታከመ ሕመምና የተቆለፈ አፍ ሲገናኙ ነው።

*መፍትሔው የሌለ ነገር አይደለም*

ሌሎች ምን አደረጉ? አሜሪካ በ2002 ዓ.ም. የተወሰኑ የድብርት መድኃኒቶችን የሚወስዱ አብራሪዎች በክትትል እንዲበርሩ ፈቀደች፤ ከዚያ በፊት መድኃኒት መጀመር ማለት ከሰማይ መውረድ ነበር። አውሮፓ ከጀርመንዊንግስ በኋላ አየር መንገዶች አብራሪን ከመቅጠራቸው በፊት የሥነ ልቦና ምዘና እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም የባልደረባ ድጋፍ ፕሮግራም እንዲኖራቸው በሕግ አዘዘች። አሠራሩ ቀላል ነው። የተጨነቀ አብራሪ የሚደውለው ለአለቃው ሳይሆን ሥልጠና ለወሰደ ሌላ አብራሪ ነው። የነገረው ምሥጢር ይጠበቃል፤ ነገሩ ከከበደም ወደ ባለሙያ ይመራዋል፣ ወደ ሥራው የሚመለስበትንም መንገድ ያሳየዋል። ስዊዘርላንድ እንኳ በእኛ አውሮፕላን ምክንያት የደረሰባትን መሳለቂያ አልረሳችም። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጄቶቿ 24 ሰዓት ዝግጁ ናቸው።

የእኛም ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና አየር መንገዶች ለተሳፋሪው ሕዝብ በግልጽ ሊመልሱት የሚገባ ሦስት ጥያቄ አለ። አብራሪ ቅጣት ሳይፈራ ለማን ይናገራል? ታክሞ ሲድን በምን መንገድ ይመለሳል? በሕክምና ላይ ሳለ ልጆቹን ምን ያበላል? የሦስተኛው መልስ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወረቀት ላይ ይቀራሉ።

አብራሪዎቻችን ከሌላ ፕላኔት የመጡ አይደሉም። አንዱ ቤተሰቡ ወለጋ ነው፣ ሌላው መተከል፣ ሌላው መቀሌ፣ ሌላው ጎንደር። ባለፉት ዓመታት ስልክ ተዘግቶባቸው የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የሰነበቱ አሉ። ዩኒፎርም ለብሰው ፈገግ ብለው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲሉን ሆዳቸው ውስጥ ያለውን አናውቅም። እነሱም እንዲነግሩን አልፈቀድንላቸውም።

የዚያን ቀን ከአሶሳ በሰላም ገባን። አውሮፕላኗ ቦሌ ስትነካ የማንጎዋ እናት አጨበጨበች፣ ጥቂቶችም ተከተሏት። አዛውንቱ በአብራሪዎቹ በር በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው መረቁ። ምርቃቱ ጥሩ ነው። በየካቲት 2006 ግን እግዚአብሔር ምርቃታችንን ሰምቶ 202 ሰው መልሶልናል። ሁለተኛ ጊዜ በምርቃት ብቻ መሳፈር የለብንም።

አስተያየታችሁን ከታች ጻፉልኝ። በተለይ በሙያው ውስጥ ያላችሁ፣ ስማችሁን ሳትጠቅሱም ቢሆን።