ከአራጣ ወደ ቡድን ዋስትና፦ የኢሉባቦር ገበሬ ብድር

በኢሉባቦር የብድር ታሪክ ከቡና ጋር አብሮ ይሄዳል። በ1894 ዓ.ም. ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድላቸው፣ የጎሬ ቡና ወደ ጋምቤላ እየወረደ በእንፋሎት ጀልባ ካርቱም መድረስ ጀመረ። የግሪክና የሶሪያ ነጋዴዎች ጎሬ ላይ ሱቅ ከፈቱ። ለገበሬው ግን ብር የሚታየው ቡና ሲለቀም ብቻ ነበር።

ከመቱ እስከ ኡካ ክረምቱ ከባድ ነው። ነሐሴ ላይ ቡናው ለምልሞ ጎተራው ይራቆታል። ያኔ ቅርብ አበዳሪ ነጋዴው ነው፤ ብሩን ዛሬ ቆጥሮ ይሰጣል፣ ገና ያልቀላውን ቡና ግን በረከሰ ዋጋ ለራሱ ያስቀራል። አራጣው በለቀማ ጊዜ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ዕቁብም እዚህ ላይ አቅም ያጥረዋል፤ የሁሉም ኪስ የሚደርቀው በአንድ ወር ነውና።

ባንክ ደግሞ መያዣ ይጠይቃል። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ ገበሬው ማሳውን አስይዞ መበደር አልቻለም። በባንግላዴሽ ሙሐመድ ዩኑስ ያስፋፉት በጎረቤት ዋስትና የማበደር ዘዴ መፍትሔ ሆኖ መጣ። አዋጅ ቁጥር 40/1988 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት በር ከፈተ፤ በ1989 የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በ2013 ባንክ ሲሆን ሲንቄ ተባለ፤ ሲንቄ የኦሮሞ ሴት ስትዳር የምትቀበለው የክብሯና የመብቷ በትር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ፤ አንዱ ቢያቅተው የቀሩት ይከፍላሉ። ከብድሩ ቆጥባ የማድረቂያ አልጋና ወንፊት ሽቦ የገዛች እናት ቀይ ቡናዋን ከመሬት ከፍ አድርጋ በወጉ ታደርቃለች፤ አፈር ያልነካው ጀንፈልም የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ችግሩ ግን እጅግ ድሃ ለሆነው ዋስ የሚሆን አለመገኘቱ ነው።

ብድር ብቻውን ተአምር አይሠራም። ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የተካሄደ የንጽጽር ጥናት፣ ብድር በደረሰባቸው ቀበሌዎች ተበዳሪው መብዛቱን፣ የቤተሰብ ገቢ ግን እምብዛም አለመለወጡን አሳይቷል። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሳይሆን ብድሩ የሚሰጥበትንና የሚከፈልበትን ጊዜ እንድንመረምር የሚያስገድድ ነው። በየወሩ የሚሰበሰብ ክፍያ የከተማ ሱቅን እንጂ የቡና ገበሬን አይመጥንም። ነጋዴው የገበሬውን ቡና ዛፍ ላይ እንዳይገዛው፣ የኢሉባቦር ብድር ሰኔ ላይ ይሰጥ፤ ጥር ላይ ይሰብሰብ።