ጽሑፍ የተቀረጸበት ጎራዴ
ብረት፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ ቆዳ

በስለቱ ላይ ያሉት አንበሳና «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ በመሮ የተቆረጡ አይደሉም። መስመሮቹ ጥልቀታቸው እኩል፣ ወለላቸውም ሻካራ ነው፤ ይህም ብረቱን በሰም ሸፍኖ፣ ፊደሉን ገልጦ በአሲድ የማስበላት ምልክት ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ብዙ እንዲህ ያሉ ስለቶች ከጀርመን ዞሊንገንና ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች በትእዛዝ ይመጡ ነበር። «ታዲያ ምኑ የእኛ ነው?» ይባል ይሆናል። ብረቱ የባዕድ መሆኑ አይካድም። ቃሉና ሥዕሉ ግን የቤተ መንግሥቱ ናቸው፤ የቀንድ እጀታውና የቆዳ አፎቱም የአገር ባለሙያ እጅ ሥራ ናቸው። በጅማ ጥያቄው ይጠነክራል፦ አንበሳው የክርስቲያን ነገሥታት ምልክት ሲሆን፣ የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር (የነገሡት እ.ኤ.አ. 1878–1932) ግን ለምኒልክ የገበሩ ሙስሊም ንጉሥ ነበሩ። ስለዚህ ይህን አንበሳ እዚህ ከእምነት ምልክትነቱ ይልቅ እንደ ዙፋን ማኅተም ማንበብ ይሻላል።