የይዘት ማስተዳደሪያ፦ ቅርጽንና ይዘትን ስለሚለይ የድረ ገጽ መሣሪያ

ሲ ኤም ኤስ በሚል የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የድረ ገጽ መገንቢያ ሶፍትዌር በአማርኛ አዘውትሮ «የይዘት አስተዳደር ሥርዓት» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ቃል በቃል ሲመዘን ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም «አስተዳደር» እና «ሥርዓት» ጎን ለጎን ሲቆሙ በአማርኛ አንባቢ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ቢሮ፣ መዝገብና ማኅተም እንጂ የሥራ መሣሪያ አይደለም። አማርኛ መሣሪያን የሚሰይምበት የራሱ መንገድ አለው፤ ከመጻፍ መጻፊያ፣ ከመክፈት መክፈቻ እንደሚወጣ ሁሉ ከማስተዳደርም «ማስተዳደሪያ» ይወጣልና፣ እዚህ «የይዘት ማስተዳደሪያ» የሚለው ስያሜ ተመርጧል። ማስተዳደር ሹመትን ብቻ አያመለክትም፤ ልጆቹን የሚመግብና የሚያኖር ሰው «ቤተሰብ ያስተዳድራል» ይባላል፣ ድረ ገጽም በየጊዜው ካልተመገበ ውሎ ሳያድር ስለሚያረጅ ቃሉ ለተግባሩ የተስማማ ነው።

የስያሜው እምብርት ግን «ይዘት» ነው። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ «ቅርጽና ይዘት» የሚለውን ጥንድ ያውቀዋል፤ ይዘት የሚባለው በጽሑፉ ውስጥ የተያዘው ጉዳይ ሲሆን ቅርጽ ደግሞ ጉዳዩ የቀረበበት አኳኋን ነው። የይዘት ማስተዳደሪያ ሐሳብ በሙሉ ያረፈው እነዚህን ሁለቱን በመለየት ላይ ነው። በቀደመው አሠራር እያንዳንዱ ገጽ ኤችቲኤምኤል በተባለው የምልክት ቋንቋ በእጅ ይጻፍ ስለነበር፣ ጽሑፉ፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠንና የገጹ ራስጌ በአንድ ፋይል ተደባልቀው ይቀመጡ ነበር። የዚህን ድብልቅ ችግር ለመረዳት ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ማሰብ ይበቃል፤ ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በአዲሱ የሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ የቀድሞው የአስተዳደር ስም በየገጹ ራስጌ ላይ በእጅ የተጻፈበት ባለ 300 ገጽ ድረ ገጽ ቢኖር፣ ስሙን ለመቀየር 300 ፋይሎችን አንድ በአንድ ከፍቶ ማረም ግድ ይሆን ነበር። ይዘቱ ከቅርጹ በተለየበት ድረ ገጽ ግን ራስጌው የሚቀመጠው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የተደረገው አንድ እርማት በሁሉም ገጽ ላይ ወዲያው ይታያል።

አሠራሩ ሦስት ክፍሎች አሉት። ጽሑፉ «የመረጃ ቋት» በሚባለው ማከማቻ ይቀመጣል፤ ቋት የእህልና የዱቄት ማጠራቀሚያ ስም እንደመሆኑ ይህ ከተሳኩት የአማርኛ የቴክኖሎጂ ስያሜዎች አንዱ ነው። ቅርጹን የሚወስነው ክፍል «ገጽታ» ሲባል፣ እንደ መመዝገቢያ ቅጽ ያለ ተጨማሪ አገልግሎት ይዞ የሚሰካው ደግሞ «ተሰኪ» ይባላል። አንባቢ አድራሻውን ሲከፍት ሶፍትዌሩ ጽሑፉን ከቋቱ ይቀዳል፣ በገጽታው ልክ ያዘጋጃል፣ የተሰናዳውንም ገጽ ይልካል፤ ስለዚህ ገጹ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ሳይሆን በተጠየቀ ጊዜ የሚገጣጠም ነው።

ከመሣሪያዎቹ መካከል ድሩፓልን ቤልጅጋዊው ድሪስ ባውታርት እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ሲያደርግ፣ ወርድፕረስን ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል በ2003 ከቀደመ ነፃ ሶፍትዌር አበጅተው አውጥተውታል፤ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በወርድፕረስ ይሠራሉ። በ2005 ብቅ ያለው ጁምላ ስሙን ያገኘው «ሁሉም በአንድነት» ከሚል የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ይኸው ቃል ከዐረብኛ ምንጩ በሌላ መንገድ ወደ አማርኛ ገብቶ በገበያው «ጅምላ» ሆኖ ይኖራል። ሦስቱም ማንም በነፃ ሊጠቀምባቸውና ሊያሻሽላቸው በሚችል ፈቃድ የሚሠራጩ ናቸው።

መሣሪያዎቹ ግን የግእዝ ፊደል ታስቦባቸው ስላልተሠሩ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፊደሉ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከመካተቱ በፊት ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ በድረ ገጽ ላይ የሚለጠፈው እንደ ሥዕል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የመረጃ ቋቱ ለላቲን ፊደል ብቻ ተሰናድቶ ከተከፈተ፣ የተጻፈው አማርኛ ወደ ጥያቄ ምልክት ረድፍ ተለውጦ የሚቀመጥበትና ከዚያ ወዲያ የማይመለስበት ጊዜ አለ። የገጽ አድራሻም የራሱ ችግር አለው፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ወደ 9 ምልክቶች ስለሚተረጎም «ሰንዳፋ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ስም 36 ምልክት ይወስዳል፣ ወርድፕረስም ለአንድ ጽሑፍ መጠሪያ የሚፈቅደው 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ያህል ፊደል ያለፈ ርእስ በአድራሻው ላይ መካከሉ ይቆረጣል። አድራሻውን አጭር አድርጎ በእጅ መጻፍ ይሻላል።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ደግሞ ይዘትን ከቅርጽ የመለየቱን ጥቅም ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ሶፍትዌሩ መስከረም 1 ቀን የወጣን ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ብሎ ይመዘግባል፣ ዐሥራ ሦስተኛ ወርንም አያውቅም፤ አንዳንዶች ታዲያ በቋቱ ውስጥ ያለውን ቀን ራሱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊለውጡት ይሞክራሉ፣ ይህም የጽሑፎቹን ቅደም ተከተል ያፋልሳል። ቀኑ ይዘት ነው፣ የሚነበብበት አቆጣጠር ግን ቅርጽ ነው፤ የተመዘገበውን ሳይነኩ በገጽታው ወይም በተሰኪ አማካይነት «መስከረም 1» ተብሎ እንዲታይ ማድረግ ትክክለኛው መንገድ ነው። ይኸው መለየት በሁለት ቋንቋ ለሚዘጋጅ ድረ ገጽም ይጠቅማል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሰንዳፋ ያለ ትምህርት ቤት ለወላጆች ማስታወቂያ የሚያወጣበት ድረ ገጽ ቢከፍት፣ አፋን ኦሮሞው በላቲን ቁቤ፣ አማርኛው በግእዝ ፊደል መቅረብ ቢኖርበትም ለሁለቱ ጽሑፎች አንድ ገጽታ ይበቃቸዋል፤ ድሩፓልና ጁምላ በሁለት ቋንቋ ማቅረብን በራሳቸው ሲችሉ ወርድፕረስ ተሰኪ ይሻል።

ቅርጽ ለዓይን ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ለዓመታት ሲያስተምር በኖረው ትምህርት ቤት በምትታወቀው ሰበታ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ማየት የተሳነው አንባቢ ገጹን የሚያዳምጠው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ርእስን ከአንቀጽ መለየት የሚችለው ጸሐፊው በማስተዳደሪያው ላይ ርእሱን «ርእስ» ብሎ ሲሰይመው እንጂ ፊደሉን አግዝፎ ሲያደምቀው አይደለም፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተለጠፈ ማስታወቂያም የሥዕሉ መግለጫ በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ ቃሉ ካልሰፈረ በቀር ለእርሱ ባዶ ገጽ ነው።