ስሙ ተሸጠ፤ ጉዳቱ ቀረ

ስመ ጥር ፋብሪካ ሲዘጋ ታሪኩም በዚያው ያበቃ ይመስለናል። የሬድፊልድ ፋብሪካ ታሪክ ግን ይህን አሳባችንን እንድናርም ያስገድደናል።

ጆን ሬድፊልድ በ1909 ዓመተ ምሕረት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠቅሳለን) በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መሥራት ጀመረ። ቈይቶም ድርጅቱ ወደ ማነጣጠሪያ መነጽር ሥራ ተሻገረ። ለዒላማ ውድድር የሠራው 3200 የተባለው መነጽር በተወዳዳሪዎች ዘንድ ተከበረ፤ ከ1966 ጀምሮም የአሜሪካ የማሪን ጦር አልሞ ተኳሾች የሬድፊልድን መነጽር በጠመንጃቸው ላይ አድርገው በቬትናም ተዋጉበት።

ዳሩ ግን በ1998 የዴንቨሩ ፋብሪካ ተዘጋ። ከ10 ዓመት በኋላ ሉፖልድ የተባለው የኦሪገን ድርጅት ስሙን ገዛው።

ስም በፊርማ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ መሬት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በፋብሪካው የብረት ዕቃ ከቅባት ይጸዳበት የነበረው ፈሳሽ ኬሚካል ወደ ከርሠ ምድር ውሃ ሠርጎ፣ ተኑ በጎረቤት መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ተገኘ። በብዙዎቹም ቤቶች የተበከለውን አየር የሚያስወጣ መሣሪያ መግጠም ግድ ሆነ።

እንግዲህ የፋብሪካን ታሪክ የምንጽፍ ሁሉ፣ ያመረተውን ብቻ ሳይሆን ትቶት የሄደውንም መቍጠር ይገባናል።